የአዲስ ብልኃት መሠረቱ መታመን ነው

ከእንጅባራ ደጋ ወደ መተከል ቈላ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለችው የጫግኒ ከተማ ወደ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ከሚያደርሱት በሮች አንዷ ናት። የግድቡ መሠረት ከተጣለበት ከመጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. ጀምሮ ሥራው ተፈጽሞ እስከ ተመረቀበት እስከ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ድረስ ብዙ ዕቃና ብዙ ሠራተኛ በዚች ከተማ በኩል አልፏል። የከተማው ሰውም ለመንገደኛው እንጀራ ሸጦ፣ አልጋ አከራይቶ፣ ጎማ ጠግኖ እንደ ዐቅሙ ተጠቅሟል። አሁን የግንባታው ዘመን ስላለፈ ሌላ ጥያቄ ተነሥቷል። ይኸውም፤ 5,150 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ በተሠራው ግድብ መንገድ ላይ የተወለደ የጫግኒ ልጅ ይህን ኀይል ቤቱን ከማብራት አልፎ ለምን ሥራ ያውለዋል? በትምህርት ቤት ያገኘውን ዕውቀትስ ወደ አዲስ አበባ ሳይሰደድ እንጀራ የሚያደርገው በምን መንገድ ነው? የሚል ነው።

ይህ ጥያቄ በዛሬው ዘመን ስታርታፕ ከሚባለው ነገር ጋራ የተያያዘ ነው። ስታርታፕ ማለት በጥቂት ሰዎች የተጀመረ፣ አዲስ ብልኃት ይዞ የተነሣ፣ ብዙውን ጊዜም በኮምፒዩተርና በስልክ የሚሠራ ጀማሪ ኩባንያ ነው። ከተራ ሱቅ የሚለይበት ምክንያት አለው። ባለሱቅ ደጁን ሲከፍት ጨውና ሳሙና የሚገዛ ሰው እንዳለ አስቀድሞ ያውቃል። የስታርታፕ ባለቤት ግን ብልኃቱን የሚፈልገው ሰው ይኑር አይኑር ገና ሳያውቅ ይጀምራል፤ ፈላጊ የተገኘለት እንደ ሆነ ደግሞ ያንኑ አንድ ሥራ በጥቂት ወጪ ለሺሕና ለሚሊዮን ሰው ማዳረስ ይችላል። ስለዚህ ልማቱም ጥፋቱም ፈጣን ነው።

መንግሥት ለዚህ ጕዳይ ማሰቡ የታወቀ ነው። በ2012 ዓ. ም. ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025 የተባለው ዕቅድ ጸደቀ፤ በ2016 ዓ. ም. በአዲስ አበባ በሳይንስ ሙዚየም የስታርታፖች ዐውደ ርእይ ተከፈተ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር አምስት ሚሊዮን ወጣቶችን የኮምፒዩተር ቋንቋና ሞያ ለማስተማር የታሰበው ሥራ ተጀመረ። ይሁን እንጂ ለጀማሪ ኩባንያ የሚያስፈልገው ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ከብዙ ሰው አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል ገንዘብ ነው፤ ቀጥሎም መሣሪያና ሕንፃ ይጠራል። እነዚህ ያስፈልጋሉ። ነገሩን ከሥሩ ለመረመረው ሰው ግን ከሁሉ የሚቀድመው መታመን ነው። መታመንም በሁለት ወገን ነው። አንደኛው ኩባንያው በሚያገለግለው ሕዝብ ዘንድ መታመኑ ነው። ሁለተኛው ኩባንያው ራሱ የሚተማመንባቸው ነገሮች፣ ማለት መብራቱ፣ የመገናኛው መሥመር፣ ሕጉና የገንዘቡ ምንጭ፣ ዛሬ ታይተው ነገ የማይጠፉ መሆናቸው ነው። የመጀመሪያው የሥራው ባለቤት ዕዳ ነው፤ ሁለተኛው የባለሥልጣን ዕዳ ነው።

በመጀመሪያው ወገን ያለውን ለመመልከት፤ ሕዝብ የሚያምነው ችግሩን ያወቀለትን ነው። ሳምራዊት ፍቅሩ የተባሉት የሶፍትዌር ባለሞያ በአዲስ አበባ ራይድ የተባለውን የታክሲ አገልግሎት ሲመሠርቱ የተነሡት ከታወቀ ችግር ነው። በከተማው ታክሲ ማግኘትና በዋጋው መስማማት ለመንገደኛ ሁሉ፣ ይልቁንም ለሴቶች፣ አስጨናቂ ነበረ። ደግሞም ዘመናዊ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ሰው ጥቂት መሆኑን ስላወቁ ደንበኛው በተራ ስልክ ደውሎ እንዲጠራ አደረጉ። ከሕዝቡ ዐቅም በላይ የሆነ መሣሪያ ይዘው ሕዝቡ እስኪደርስባቸው አልጠበቁም፤ ሕዝቡ ወዳለበት ወረዱ እንጂ።

በጎረቤት አገር በኬንያም የሆነው ይህንን ይመስላል። ኤም ፔሳ የተባለው በስልክ ገንዘብ የማስተላለፍ አገልግሎት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ተከፈተ። አስቀድሞ በሙከራ ጊዜ የታሰበው ተበዳሪዎች ብድራቸውን በስልክ እንዲከፍሉበት ነበረ። ሕዝቡ ግን ከከተማ ወደ አገር ቤት ለዘመድ ገንዘብ ይልክበት ጀመር። ባለቤቶቹም ያሰብነው ይህን አይደለም ብለው አልተከራከሩም፤ የሕዝቡን አሠራር ተከትለው ሥራቸውን ለወጡ፤ በዚህም ጸኑ። የኬንያ ማዕከላዊ ባንክም ሥራውን ገና በመጀመሪያው አልከለከለም፤ እየተመለከተና እየተቈጣጠረ እንዲሠራ ፈቀደ።

ይህ አሠራር ለኢትዮጵያ ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። በጐጃም የቅኔ ጉባኤ ቤት የተማረ ሰው ያውቀዋል። ደቀ መዝሙሩ በዱር በገደል ለብቻው ተቀምጦ ቅኔ ይቈጥራል፤ የቈጠረውን ግን ለራሱ አድንቆ አያስቀምጠውም። በመምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል፤ ባልንጀሮቹ ይሰማሉ፤ ዜማው የጐደለ፣ ምሥጢሩ ያልገጠመ እንደ ሆነ ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ አዲስ ቅኔ ይዞ ይመጣል። ለስታርታፕ ባለቤት መምህሩ ደንበኛው ነው። ሁለት ዓመት በር ዘግቶ ፍጹም መሣሪያ አበጃለሁ ከሚል ይልቅ በሁለት ሳምንት የሠራውን ጕድለት ያለበትን ነገር ይዞ በገበያ ቀን ጫግኒ ገበያ ወርዶ ለዐሥር ሰው የሚያሳይ ይሻላል። የሚሰማው ነቀፋ ያማል፤ ነገር ግን ከኪሳራ በፊት የመጣ ነቀፋ ትርፍ ነው። ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በጣም የሚገባ ነው።

በጓንጓ ወረዳና በአካባቢው ያለው ችግር ደግሞ ጥቂት አይደለም። በቆሎና ዳጉሳ፣ ጤፍና ኑግ የሚያመርተው ገበሬ እህሉ በባሕር ዳርና በአዲስ አበባ በስንት እንደሚሸጥ ሳያውቅ ለደረሰበት ነጋዴ ይሰጣል። ላሙ የታመመችበት ሰው የከብት ሐኪሙ በየትኛው ቀበሌ እንዳለ አያውቅም። ከ2012 ዓ. ም. በኋላ በመተከል በደረሰው ግጭት ቤቱን ጥሎ ወደ ጫግኒ ከተሰደደው ሕዝብ መካከል ማንነቱን የሚያስረዳ ወረቀት ሳይዝ የወጣ ሰው ይኖራል፤ በ2015 ዓ. ም. ዐዋጅ የቆመው ፋይዳ የተባለው የዲጂታል መታወቂያ የሚጠቅመው ይልቁንም እንዲህ ላለው ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ችግር በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ሰው በወሬ ይሰማዋል፤ በቦታው ያለ ወጣት ግን ከእናቱና ከአጎቱ ጋራ ኖሮበታል። የጫግኒ ልጅ ከአዲስ አበባው ልጅ የሚበልጥበት ሀብት ይህ ነው።

ከችግሩ ቀጥሎ የሚመጣው ቋንቋ ነው። በ2006 ዓ. ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከግብርና ሚኒስቴርና ከሌሎች ጋራ ሆኖ 8028 የተባለውን የገበሬዎች የስልክ መሥመር ከፈተ። ገበሬው ያለ ዋጋ ደውሎ ስለ ዘር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ አረም የተቀረጸ ምክር ይሰማል። ማንበብ የማይችል ሰው እንዲጠቀምበት በድምፅ መደረጉ፣ ምክሩም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በትግርኛ መነገሩ ብዙ ሚሊዮን ጥሪ እንዲመጣ ምክንያት ሆነ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለአዊ ግልጥ ነው። በገጠር ያለች አዊኛ ብቻ የምትናገር እናት በአማርኛ የተጻፈ ትእዛዝ በስልኳ ቢመጣ ልጇን ወይም ጎረቤቷን ትጠራለች፤ የምሥጢር ቍጥሯንም ለዚያው ሰው ትገልጣለች። ቋንቋዋን የማያውቅ መሣሪያ ገንዘቧን ለአደጋ ያጋልጣል ማለት ነው።

የፊደሉ መንገድ ግን ተጠርጓል፤ የተጠረገበትም ታሪክ ራሱ ምሳሌ ነው። የግእዝ ፊደል ወደ ኮምፒዩተር ሲገባ በአገር ውስጥና በውጭ ያሉ ኢትዮጵያውያን ባለሞያዎች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን የመጻፊያ ፕሮግራም አወጡ። ትጋታቸው የሚመሰገን ነበረ፤ ነገር ግን ሁሉም ለፊደላቱ የየራሱን ቍጥር ስለ ሰጠ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበረ። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ የተባለው የዓለም የፊደላት ስምምነት በሦስተኛው እትሙ የግእዝን ፊደል ተቀበለ። ከአማርኛና ከግእዝ ፊደላት ጋራ ለአዊኛ፣ ለኽምጥኛና ለብሊን የሚያስፈልገው ጘ አብሮ ገባ። ከዚያ ወዲህ ይህን ስምምነት በሚከተል ስልክ የተጻፈ፣ ስምምነቱን በሚከተል በሌላ ስልክ ይነበባል። አዊኛም በዚሁ ፊደል ተጽፎ በዞኑ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ይሰጣል። እንግዲህ ሃያ ብልኅ ሰዎች ለየብቻ ሊያደርጉት ያልቻሉትን አንድ ስምምነት አደረገው። የገንዘብ መክፈያዎችም፣ የመታወቂያ መዝገቦችም፣ የጤናና የመሬት መዝገቦችም እርስ በርሳቸው እንዲነጋገሩ ባለሥልጣን ደንብ ካልሠራላቸው የዚያው የፊደሉ መከራ ይደገማል፤ ጀማሪውም ኩባንያ ኀይሉን አዲስ ነገር በመሥራት ፈንታ በሮችን በማንኳኳት ይጨርሰዋል።

መታመን ከቋንቋም ያልፋል። የኢትዮጵያ ሕዝብ ገንዘብን በአደራ የመስጠት ልማድ የሌለው አይደለም። ዕቍብ ለዚህ ምስክር ነው። የዕቍቡ ዳኛ ይታወቃል፤ ዕጣ የደረሰው ሰው ዋስ ይጠራል፤ ገንዘቡን በልቶ የቀረ ሰው በሰፈሩ ፊቱን ማሳየት አይችልም። ዕቍብን ያጸናው የሰዎቹ መተዋወቅና የዋሱ ኀላፊነት ነው። ስለዚህ በስልክ ገንዘብ ሰብስቤ በስልክ አከፋፍላለሁ የሚል ጀማሪ ኩባንያ፤ ዳኛው ማን ነው? ዋሱ ማን ነው? ገንዘቡ ቢጠፋ የሚከሰሰው ማን ነው? ለሚሉት ሦስት ጥያቄዎች አስቀድሞ መልስ ሊያዘጋጅ ይገባዋል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት የሚያውቅ ሕዝብ መልስ ሳያገኝ ገንዘቡን አይሰጥም፤ አለመስጠቱም ጥበብ እንጂ ኋላ ቀርነት አይደለም። በስልክ ሎተሪ ደርሶሃል እያሉ የምሥጢር ቍጥር የሚጠይቁ አታላዮች በበዙበት ጊዜ አንድ ሰው የተታለለ እንደ ሆነ የእውነተኛውም ኩባንያ ስም አብሮ ይጠፋል።

ስለ አዲስ ሥራ መስፋፋትና መውደቅ የአዊ ዞን ከራሱ መሬት የበቀለ ምስክር አለው። በፋግታ ለኮማ ወረዳ አፈሩ አሲዳማ ሆኖ እህል መስጠት እየቀነሰ በሄደ ጊዜ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ከአውስትራልያ የመጣ ዛፍ በእርሻቸው ላይ መትከል ጀመሩ። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራሉ፤ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳሉ፤ በአራትና በአምስት ዓመት ዛፉን ቈርጠው ከሰል ያደርጉታል፤ መሬቱም ተመልሶ ለእህል ይሆናል። ከሰሉ በመኪና ተጭኖ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ይሸጥ ነበረ። ይህ ሥራ በኮምፒዩተር አልተጀመረም፤ ነገር ግን የስታርታፕ ጠባይ ሁሉ ነበረበት። እውነተኛ ችግር መፍትሔ አገኘ፤ ገዥ ነበረው፤ መንገድ ነበረው፤ አንዱ ገበሬ የጎረቤቱን ትርፍ በዐይኑ አይቶ ስለ ተከተለ ያለ ብዙ ስብከት ተስፋፋ። በችግኝ ማፍላት፣ በከሰል ማክሰል፣ በመጫንና በማውረድ ብዙ ወጣት ሥራ አገኘ።

ከዚያ በኋላ ግን ዝገት የሚመስል የፈንገስ ደዌ በዛፉ ላይ ወረደ። ደጋው ሁሉ በአንድ ዓይነት ዛፍ ተሸፍኖ ስለ ነበረ ደዌው ከእርሻ ወደ እርሻ ያለ ከልካይ ተዛመተ፤ የብዙ ቤተሰብ ተስፋም በችግኙ ደረቀ። ገበሬው የሚገባውን ሁሉ አድርጎ ነበረ፤ የጐደለው በእርሱ እጅ ያልነበረ ነገር ነው። ደዌው ሳይመጣ አስቀድሞ የሚመረምር ሊቅ፣ በሁለተኛና በሦስተኛ ዓይነት ዛፍ እንዲተካ የሚመክር ባለሞያ፣ ጥፋት ቢደርስ የሚደግፍ ዋስትና አልነበረውም። የቴክኖሎጂ ኩባንያም እንደዚሁ ነው። በአንድ ደንበኛ፣ በአንድ መሥመር፣ በአንድ አበዳሪ ብቻ የተንጠለጠለ ሥራ መልካም ቢሆንም አንድ ደዌ ይገድለዋል። በእንጅባራና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ያሉ መምህራንና ተመራማሪዎች ለጀማሪዎቹ የሚጠቅሙትም በዚህ ላይ ነው፤ ያልታየውን አደጋ አስቀድሞ ማየት የተማረ ሰው ሥራ ነውና።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሁለተኛው ወገን፣ ማለት ወደ ባለሥልጣን ዕዳ ይሻገራል። ጀማሪ ኩባንያ ድህነትን ይችላል፤ በጠባብ ክፍል፣ በአሮጌ ኮምፒዩተር፣ በሽሮ ይኖራል። የማይችለው ነገን አለማወቅን ነው። መብራት በየቀኑ ከስድስት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት እንደሚጠፋ የተነገረው ሰው ሥራውን በዚያው ልክ ያዘጋጃል፤ መቼ እንደሚጠፋ ያልተነገረው ግን ለደንበኛው ቃል መስጠት አይችልም፤ ቃሉን ያልጠበቀ ነጋዴም ደንበኛ የለውም።

የመገናኛው መሥመር ከመብራቱ ይልቅ ከባድ ነገር አለበት። በሐምሌ 2015 ዓ. ም. መጨረሻ በዐማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ በታወጀበት ሰሞን የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቈይቷል። ጸጥታን መጠበቅ የመንግሥት የመጀመሪያ ግዴታ መሆኑን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ውሳኔ ዋጋ በግልጥ ሊቈጠር ይገባዋል። በኢንተርኔት ላይ የቆመ ሥራ የነበረው ወጣት በእነዚያ ወራት ሱቁ በውጭ ተቈልፎበት ቍልፉ በእጁ ያልነበረ ሰው ማለት ነበረ። የተቈለፈ ሱቅ ሲከፈት ዕቃው በመደርደሪያው ላይ ይገኛል፤ የዚህ ዓይነት ኩባንያ ግን ዕቃው ደንበኛው ስለ ሆነ ሲከፈት ባዶውን ይገኛል። ከዚያ በኋላ ያ ወጣት ወይ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፤ ወይም ከአገር ይወጣል፤ ወይም ሥራውን ትቶ ተስፋ የቈረጠ ሰው ይሆናል። ሦስተኛው ለጸጥታም አይበጅም። ስለዚህ የማቋረጥ ግድ በመጣ ጊዜ እንኳ የክፍያ፣ የጤናና የንግድ መሥመሮች የሚተርፉበት፣ ጊዜውም የሚወሰንበት ደንብ አስቀድሞ ቢዘጋጅ መንግሥትን ይጠቅማል እንጂ አይጐዳውም።

ለሥራ ባለቤቶችም ከዚሁ የሚወሰድ ምክር አለ። ኢትዮ ቴሌኮም ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ. ም. የከፈተው ቴሌብር በ2017 ዓ. ም. መጨረሻ ከ50 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ ያገኘው በዘመናዊ ስልክ ብቻ ሳይሆን ኢንተርኔት በማይሻ በተራ ስልክ አጭር ቍጥር በመንካትም ስለሚሠራ ጭምር ነው። በጫግኒ ወይም በዳንግላ የሚጀመር ብልኃት እንዲሁ ኢንተርኔት ሲኖር በኢንተርኔት፣ ሳይኖር በአጭር መልእክትና በድምፅ እንዲሠራ ሆኖ ቢበጅ ዕድሜው ይረዝማል። ከመስከረም 26 ቀን 2015 ዓ. ም. ጀምሮም ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሁለተኛ የቴሌኮም ኩባንያ ሆኖ ሥራውን በይፋ ስለ ጀመረ፤ ሁለቱም በሚገኙበት ቦታ በአንድ መሥመር ብቻ አለመንጠልጠል ይቻላል።

ስለ ሕግ የተመለከትን እንደ ሆነ መልካም የተባለ ሥራ ተሠርቷል። በ1952 ዓ. ም. በወጣው የንግድ ሕግ ኀላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ለማቋቋም ቢያንስ ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበረ፤ በ2013 ዓ. ም. የወጣው አዲሱ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን ማቋቋም እንዲችል ፈቀደ። በ2011 ዓ. ም. የወጣው ዐዋጅ ደግሞ ቤትና መሬት የሌለው ሰው የሚንቀሳቀስ ንብረቱን፣ ከብቱንና ሰብሉን ጭምር፣ አስይዞ እንዲበደር መንገድ ከፈተ። ነገር ግን ሕግ በነጋሪት ጋዜጣ መታተሙና ሕግ በወረዳ ጠረጴዛ ላይ መድረሱ ሁለት ነገሮች ናቸው። በአንድ ከተማ ያለ ወጣት ፈቃድ ሲጠይቅ የሥራህ ዓይነት በመዝገቡ የለም የተባለ እንደ ሆነ፣ ባንክም ቤት ከሌለህ አላበድርህም ብሎ የመለሰው እንደ ሆነ፤ ዐዋጁ ለእርሱ አልወጣም ማለት ነው። የወረዳ ሹም አዲሱን ሥራ ባያውቀው አያስነቅፈውም፤ አላውቀውም ብሎ ማመልከቻውን በመሳቢያ መዝጋቱ ግን ያስነቅፈዋል። በተወሰነ ቀን እሺ ወይም እንቢ የሚል መልስ ከምክንያቱ ጋራ መስጠት ምንም ገንዘብ አይጠይቅም፤ ለጀማሪው ግን ከብድር ይልቅ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ።

ገንዘብ በመጨረሻ የተነሣው አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ መታመን ያለበትን ስለሚከተል ነው። ጀማሪ ኩባንያ በመጀመሪያው ዓመት ትርፍ አያገኝምና በየወሩ ወለድ የሚከፈልበት ብድር ያንቀዋል። የሚስማማው ትርፍንም ኪሳራንም ተካፍሎ የሚታገሥ ባለድርሻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ. ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ያህል የነበረው የአንድ ዶላር ዋጋ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የውጭ አገር ኮምፒዩተሮችን በዶላር እየተከራየ በብር የሚሸጥ ጀማሪ ወጪው በእጥፍ ሊያድግበት ችሏል። ስለዚህ ሒሳቡን በአንድ ምንዛሪ ዋጋ ብቻ የሠራ ሰው ሒሳቡን አልሠራም። ከሁሉ የሚሻለው ገንዘብ ግን ከደንበኛ የሚመጣው ነው። ከደንበኞችም ሁሉ የሚበልጠው መንግሥት ነው። የዞኑና የወረዳው መሥሪያ ቤቶች፣ ትምህርት ቤቶችና ጤና ጣቢያዎች ከሚያስፈልጋቸው ጥቂቱን ከአካባቢው ጀማሪዎች በውድድር ቢገዙ፣ ዋጋውንም በውሉ ቀን ቢከፍሉ፤ ብዙ ሽልማትና ብዙ ስብሰባ የማያደርገውን ያደርጋል። በዘገየ ክፍያ የሚሞተው ከባለጠጋው ይልቅ ጀማሪው ነውና።

አንዳንድ ሰዎች፤ ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ እንጂ ለጫግኒ አይሆንም፤ በዚያ ዩኒቨርሲቲውም፣ ባንኩም፣ ባለሀብቱም ስለሚገኝ፤ ይላሉ። ንግግራቸው ከፊል እውነት አለው። ከሚጀመሩት ብዙዎቹ እንደሚወድቁ በዓለም ሁሉ የታየ ነው፤ በትንሽ ከተማ ደግሞ የሚወድቀው ይበዛል። ሁሉ ከተማ ስታርታፕ ይኑረው ተብሎ በኮታ ቢታዘዝ የሚገኘው ሰሌዳና ማኅተም ብቻ ይሆናል። ነገር ግን የገበሬውን ችግር የሚያውቀው በገበሬው መካከል ያለው ነው፤ ስለዚህ እርሱን ሁሉ ወደ አንድ ከተማ መሰብሰብ ብልኃቱን ከችግሩ መለየት ነው። የወደቀውም ቢሆን በቅን ሠርቶ የወደቀ እንደ ሆነ እንደ ሌባ ሊታይ አይገባውም። የቅኔው ተማሪ ቅኔው ቢሰበርበት ከጉባኤው አይባረርም፤ ነገ ሌላ ይዘህ ና ይባላል እንጂ።

ካህናትም ከዚህ ጕዳይ ውጭ አይደሉም። በገጠር ሕዝብ አዲስ ነገር ሲሰማ፤ አባ ምን ይላሉ? ብሎ የሚጠይቀው የንስሓ አባቱን ነው። አዲሱን ብልኃት ሁሉ ክፉ ነው ማለት ወጣቱን ተስፋ ያስቈርጠዋል፤ ሁሉ መልካም ነው ማለትም ድኻውን ለአታላይ አሳልፎ ይሰጠዋል። በሰንበት ከቅዳሴ በኋላ የምሥጢር ቍጥርን ለማንም አለመንገር እንደሚገባ፣ ሥራውንና ዋሱን ያልገለጠ ሰው ገንዘብ ቢጠይቅ አለመስጠት እንደሚገባ በጥቂት ቃል ማስታወስ ለእውነተኛው ሠራተኛ መንገድ ይጠርግለታል፤ ለሐሰተኛውም ይዘጋበታል።

የሕዳሴው ግድብ የተሠራው የኢትዮጵያ ሕዝብ አምኖበት ከደመወዙና ከጓዳው ባዋጣው ገንዘብም ጭምር ነው። ገንዘቡ የተዋጣው ግድቡ ተፈጽሞ ከመታየቱ በፊት ነበረ፤ የቀደመው እምነት ነው። ለአንድ የጫግኒ ወጣት የሚያስፈልገውም ከዚሁ ዓይነት ነው፤ መጠኑ ግን በጣም ጥቂት ነው። ማመልከቻውን በቀኑ የሚመልስ ሹም፣ ውሉን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት፣ ሲቋረጥም ሲቀጠልም የሚታወቅ መሥመር ያገኘ እንደ ሆነ የቀረውን በራሱ ትጋት መሞከር ይችላል። እነዚህን ሳያገኝ የወደቀ እንደ ሆነ ግን ብልኃቱ የማይረባ ነበረ ብሎ ለመፍረድ አይቻልም፤ አልተፈተነምና።